የሲቲ ስካኑ ወረቀት የማያውቀው ነገር

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። አባቴ 61 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው ደሴ አጠገብ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ነው። መንዙማ ሲያወጣ አገር የሚያውቀው ድምፅ ነበረው፤ አሁን ከሻከረ አራት ወር አለፈ። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ እንጥሉ ወርዷል ተብሎ አንዲት ሴት በጣታቸው አነሱለት። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጆሮውን ያመዋል፣ ሲውጥም ይወጋዋል። ደሴ ወስደነው በካሜራ ታየ፣ ሲቲ ስካንም ተነሣ። ወረቀቱ ቀኝ የድምፅ አውታር ላይ 1.4 በ0.9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀለም የሳበ እብጠት፣ ያልተነካ የማንቁርት አጥንት፣ ቀኝ አንገት ላይ 1.3 ሴንቲ ሜትር ንፍፊት ይልና ‹ለካንሰር አጠራጣሪ፣ ከናሙና ውጤት ጋር ይገናዘብ› ብሎ ይዘጋል። ናሙና ለመስጠት በሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥሯል። አጎቴ ግን ‹ብረት ከነካው ይዛመታል› ብሎ ቤቱን አናወጠው። ጎረቤታችን ደግሞ መጀመሪያ ጠበል እንሞክር ትላለች። አባቴ ከ20 ዓመት በላይ ሲጋራ አጭሷል፤ ካቆመ አምስት ዓመቱ ነው። ወረቀቱ ካንሰር ነው እያለ ነው? ናሙናውስ ይቅር? ለመውሊድስ መንዙማውን ማውጣት ይችላል?»

እኅቴ፣ አብሽሪ።

ናሙናው አይቅር፣ ቀጠሮውም አይገፋ። ወረቀቱ ደግሞ ካንሰር ነው አላለም፤ አይደለም ብሎም አላሰናበታችሁም። ሁለቱንም የማለት አቅም የለውም። ሲቲ ስካን በአንገት ዙሪያ የሚዞር ራጅ ነው፤ አንገትን እንደ ድፎ ዳቦ በስሱ ቆራርጦ የእያንዳንዱን ቁራጭ ጥላ ያሳያል። ጥላው እብጠቱ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚያክል፣ ወዴት እንደገባ ይናገራል፤ ከምን እንደተሠራ አይናገርም። ከማዶ ሆኖ ጣሪያ ላይ ጭስ ያየ ሰው እሳት መኖሩን ያውቃል፤ የተጣደው ምጣድ ይሁን ጀበና ግን ቤት ሳይገባ አያውቅም። ናሙና መውሰድ ማለት ቤት መግባት ነው።

ላረጋጋሽ ብዬ ግን ነገሩን አላቀልለውም። የአባትሽ ዕድሜ፣ የሃያ ዓመት ሲጋራና አራት ወር ያልተመለሰ ድምፅ አንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ እኔ ካንሰርን ከዝርዝሬ አናት ላይ አስቀምጬ ነው የምነሣው። ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ሻክሮ ካልተመለሰ ማንቁርት በካሜራ መታየት አለበት፤ ብርድ ይህን ያህል አይከርምም። እንጥሉም ንጹሕ ነው። እንጥል አፍ ውስጥ ከላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ሥጋ ናት፤ ድምፅ የሚወጣው ከእርሷ ብዙ ዝቅ ብሎ ማንቁርት ውስጥ ነው። በጣት ብቻ መነካታቸው ደግ ሆነ፤ በምላጭ ተቆርጠው ደማቸው አልቆም ብሎ የመጡልኝ ታካሚዎች አሉ።

አሁን ወረቀቱን አብረን እናንብበው።

ማንቁርትን ባለ ሦስት ፎቅ አድርገሽ አስቢው፤ ከድምፅ አውታሮቹ በላይ፣ አውታሮቹ ራሳቸው፣ ከአውታሮቹ በታች። መሃለኛው ፎቅ ላይ የሚጀምር ካንሰር ገና በትንሽነቱ ድምፅ ስለሚያሻክር ቶሎ ይጋለጣል። አውታሮቹ የሊምፍ መስመራቸው (ፈሳሽ ወደ አንገት ንፍፊቶች የሚወስደው) ጥቂት በመሆኑም ወደ አንገት ለመሻገር ይዘገያል። አውታሩ ላይ ብቻ ሳለ ከተያዘ ከአሥር ታካሚ ዘጠኙ ያህሉ የሚድኑበት በሽታ ነው፤ በጨረር ወይም በአፍ በኩል በሚደረግ ቀዶ ሕክምና። ከላይኛው ፎቅ የሚነሣው ግን ድምፅ ሳይነካ ሊደበቅ ይችላል፤ ወደ አንገት ንፍፊትም ቶሎ ይሄዳል። ስለዚህ ቦታውን የሚናገረው መስመር መጠኑን ከሚናገረው መስመር ይበልጥ ይመዝናል።

መጠኑ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ባቄላ ሜዳ ላይ ምንም አይደለችም፤ የጀበና አንገት ውስጥ ግን መንገድ ትዘጋለች። የአንድ አዋቂ ወንድ የድምፅ አውታር ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ 1.4 መያዝ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እነዚህን ቁጥሮች እንደ ወርቅ ሚዛን አትያዣቸው። ሰውየው በሚነሣበት ቅጽበት ቢውጥ ወይም ቢያስል ምስሉ ይደበዝዛል፤ አውታሮቹ ተገጣጥመው ከተነሡ ደግሞ ጤነኛውም ወፍሮ ይታያል። ላይ ላዩን ብቻ የተነጠፈች ቁስልን ሲቲ ስካን ጨርሶ ሊያልፋት ይችላል፤ ካሜራ ግን ያያታል። በተቃራኒው ካሜራ ላዩን እንጂ ጥልቀቱን አያይም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ መፍረድ አይቻልም።

«ቀለም የሳበ» የሚለው ብዙ ቤተሰብ የሚያስደነግጥ መስመር ነው። ከመነሣታቸው በፊት በእጃቸው ደም ሥር አዮዲን ያለበት መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፤ ደም በብዛት የሚሄድበት ቦታ መድኃኒቱን ይዞ ደምቆ ይታያል። ካንሰር ይስባል፤ የተመረቀዘ ቁስል ይስባል፤ ሳንባ ነቀርሳም ማንቁርት ላይ ሲወጣ ይስባል። ከዚህ መስመር ብቻ የሚወሰድ ፍርድ የለም።

«ያልተነካ አጥንት» ያሉት ካርቲሌጁን፣ ለስላሳውን አጥንት ነው፤ ይህ መልካም ዜና ነው። ዕድሜ ሲገፋ ካርቲሌጅ እዚህም እዚያም ወደ አጥንትነት ስለሚቀየር ንባቡ አንዳንድ ጊዜ ያሻማል። ሐኪሙ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ ምስል) ይጨመር ካሉ የመጀመሪያው ምርመራ ስለተበላሸ አይደለም።

ስለ ንፍፊቱ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፤ 1.3 የተባለው በረጅሙ ጎን ነው ወይስ በአጭሩ? እኛ የምናየው አጭሩን ጎን ነው። በአጭሩ ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብዙውን ጊዜ አንጨነቅበትም፤ ከመንጋጋ ሥር ላለው ደግሞ ትንሽ ከፍ እናደርጋለን። ቅርጹም ይናገራል፤ እንደ ባቄላ የረዘመ ንፍፊት እንደ ሽምብራ ከተድበለበለው ይሻላል፤ መሃሉ የሞተ የሚመስል ከሆነ ግን ያሠጋል። የበሰበሰ መንጋጋ ጥርስም ንፍፊት ያወጣል። የአባትሽን አፍ ከፍታችሁ አይታችኋል?

እዚህ ላይ ከወረቀቱ ልውጣና ወደ ሕመሙ ልግባ፤ ጥያቄሽን ሳነብ ቆም ያደረገኝ ይኸው ነውና። የጆሮ ሕመምና ሲዋጥ የሚወጋ ሕመም አውታር ላይ ብቻ ከተቀመጠ ትንሽ እብጠት ጋር እምብዛም አይሄዱም። ማንቁርትና ጆሮ የሚጋሩት የነርቭ መስመር አለ፤ ስለዚህ ጉሮሮ ውስጥ ያለ ቁስል ጤነኛ ጆሮ ላይ ይሰማል። ጆሯቸው ታይቶ ምንም ካልተገኘበት ሕመሙ የሚመጣው ከታች ሳይሆን አይቀርም። ታዲያ ወይ እብጠቱ ወረቀቱ ከሚለው በላይ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቷል፣ ወይ ሌላ ቁስል አጠገቡ አለ፣ ወይም ነገሩ ከመነሻው ካንሰር አይደለም። ናሙና ለሚወስዱት ሐኪም ይህን በአፍሽ ንገሪያቸው፤ «ጆሮውን ያመዋል፣ ሲውጥ ይወጋዋል» ካልሻቸው አውታሩን ብቻ ቆንጥጠው አይመለሱም፤ ከላዩም ከጎኑም ያያሉ። ሌላም ጠይቂ፤ «በካሜራ ሲታይ ቀኙ አውታር ይንቀሳቀሳል?» የማይንቀሳቀስ አውታር እብጠቱ ወደ ውስጥ መዝለቁን ሊያሳይ ይችላል፤ ሕክምናውንም ይለውጣል። ይህን ደግሞ የቆመ ሥዕል የሚያነሣ ሲቲ ስካን ሳይሆን ካሜራው ነው በእርግጠኝነት የሚያየው።

ካንሰር ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? በእኛ አገር ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ሳንባ ነቀርሳን ነው። ማንቁርት ላይ ሲወጣ ድምፅ ያሻክራል፣ ሲዋጥ ክፉኛ ያማል፣ በስካንም በካሜራም ካንሰር መስሎ ይታያል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ሊቀመጥለት ምንም ያልቀረው ታካሚ ገጥሞኛል። ዘመዶቹ ከብቱን ሸጠው ወደ አዲስ አበባ ሊወስዱት ተነሥተው ነበር። ናሙናው ሲመጣ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት የሆነ ግራኑሎማ ተጻፈበት፤ የስድስት ወር መድኃኒት ጀመረ፤ በሦስተኛው ወር ደውሎ ሲያናግረኝ በድምፁ አላወቅሁትም። ይህን የምነግርሽ የአባትሽም እንዲሁ ነው ለማለት አይደለም። ያ ሰው ናሙና ባይሰጥ ኖሮ ካንሰር ነው ተብሎ በሚድን በሽታ ይሞት ነበር። ስለዚህ የደረት ራጅና የአክታ ምርመራ ካልተደረገላቸው ከቀጠሮው በፊት ይደረግ። ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለም አትደብቁ።

ከዚህ ሌላ ፖሊፕ የሚባል ለስላሳ እብጠት አለ፤ በጩኸት ብዛት የሚመጣ ቋጠሮ አለ (መንዙማ አውጪና አዛን አድራጊ ይህን ያውቁታል)፤ የሲጋራ እብጠት አለ፤ ወደ ካንሰር ያልደረሰ ግን መንገድ የጀመረ፣ ዲስፕሌዥያ የሚባል የሕዋስ ለውጥ አለ። ሁሉንም የሚለየው ናሙና ነው።

አሁን ወደ አጎትሽ። ክፉ አላሰቡም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያዩት ደግሞ ይህን ነው፤ ጎረቤት እብጠቱን ይዞ ዓመት ይከርማል፤ ቆዳ ቀዶ ሲወጣ ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ይነካል፤ በሁለት ወር ይቀበራል። ከሞቱ በፊት መጨረሻ የታየው ብረቱ ስለሆነ ጥፋቱ ለብረቱ ተሰጠ፤ ለከረመው ዓመት የሰጠው የለም። ከማንቁርት የሚወሰደው ናሙና የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ ጥቂት ቁራጮች ናቸው፤ ካንሰርን አይበትንም። ናሙናው ሳይመጣ ደግሞ ጨረር የሚሰጥ፣ ማንቁርት የሚቆርጥ ሐኪም የለም፤ ሊኖርም አይገባም። በዚህ ፍርሃት ዘጠኝ ወር የቆየ ሰው በሌሊት ትንፋሹ እያፏጨ አምጥተውልኝ አንገቱን በስቼ የአየር ቧንቧ አስገብቻለሁ። የዚያን ሌሊት ብረት ከናሙናው ብረት ጋር ማወዳደር አይቻልም።

አንድ ቦታ ላይ ግን አጎትሽ ሳያውቁት ግማሽ እውነት ይዘዋል። የአንገቱን ንፍፊት በምላጭ ከፍቶ ማውጣት የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም። መነሻው ጉሮሮ ውስጥ ያለ ካንሰር ከሆነ አንገትን አስቀድሞ መክፈት የኋላውን ሕክምና ያወሳስባል። ለንፍፊቱ የሚበቃው በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። ማንም «አንገቱ ላይ ያለችውን ቆርጠን እንያት» ቢላችሁ «ጉሮሮው ሳይታይ? በመርፌስ አይሆንም?» ብላችሁ ጠይቁ።

የናሙናው ቀን ይህን ይመስላል። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣቸዋል፣ ሐኪሙ በአፍ በኩል ብርሃን ያለበት የብረት ቱቦ አስገብተው ማንቁርቱን ፊት ለፊት ያያሉ፣ በረጅም መቆንጠጫ ይቆነጥራሉ። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው፤ ቁስሉ ውስጥ ነው፣ ውጭ ስፌት የለም። ምግብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ አይቀመስም፤ ረመዳንን ለኖረ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ የጠዋቷ ቡና ናት የምትከብደው። እርሷም ትቅር፤ ጫትም ይቅር። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስለ ጠዋቷ እንክብል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ዛሬውኑ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ አሳዩ፤ የብረት ቱቦው የሚያርፈው የላይኛው ጥርስ አካባቢ ነውና። ማደንዘዣ የሚሰጡት ባለሙያ የሲቲ ስካኑን ምስል አስቀድመው ቢያዩ ይመረጣል፤ የሚያስገቡት ቱቦ በዚያችው ባቄላ በያዘችው ጠባብ መንገድ ነው የሚያልፈው። በስምምነት ወረቀቱ ላይ «አስፈላጊ ከሆነ በአንገት በኩል የአየር መንገድ መክፈት» የሚል ብታነቡ አትደንግጡ፤ ይፈጸማል ማለት አይደለም፣ ዝግጁ ነን ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ጉሮሮ መከርከር፣ ምራቅ ላይ የደም ጭረት ማየት የተለመደ ነው።

ናሙናው ስለሚቀመጥባት ጠርሙስ ልንገርሽ፤ ብዙ ናሙና ሲበላሽ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ (በአጉሊ መነጽር ወደሚነበብበት ክፍል) የሚያደርሰው አስታማሚው ነው። ጠርሙሷ በእጅሽ ስትገባ ስም፣ ቀንና የተወሰደበት ቦታ በጎኗ ላይ መጻፉን እዩ፤ ክዳን ላይ ብቻ የተጻፈ ክዳን ሲቀያየር ይጠፋል። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ፎርማሊን ነው፤ ከሥጋው በብዙ እጥፍ የበዛና ሙሉ በሙሉ የሸፈነው መሆን አለበት። ቢጎድል ውኃ አይጨመርበትም፣ አልኮልም አይጨመርበትም፤ ወደ ሆስፒታሉ ተመልሳችሁ አስሞሉ። በረዶ ውስጥ አይገባም። የሳንባ ነቀርሳ ጥርጣሬ ካለ ለዚያ ምርመራ የሚሄደው ቁራጭ ፎርማሊን ሳይነካው ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ ፎርማሊን ጀርሙን ስለሚገድል ማሳደግ አይቻልም። ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ማስታወስ ነው፤ በኋላ ቁራጩን መልሶ ማጠብ አይረዳም። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ ዕድሜ፣ ሲጋራና የስካኑ ውጤት ከተጻፉ ንባቡ ይጠራል።

ውጤቱ ሲመጣ «ካንሰር አልታየም» ቢል ሐኪሙን ሳታዩ ወደ ሐይቅ አትመለሱ። ቁራጩ ከላይ ከላዩ ወይም ከሞተ ሥጋ ላይ ተወስዶ ሊሆን ይችላል፤ የካሜራው ዕይታ የሚያጠራጥር ከሆነ ናሙናው ይደገማል። «ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ» ካለ ካንሰር ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለው ጥያቄ ደረጃው ነው፤ ሲቲ ስካኑ ያኔ ነው ዋጋው የሚገባሽ። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ሆስፒታሎችም ተጀምሯል። ወደ አዲስ አበባ የምትላኩ ከሆነ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የምስሉን ሲዲና የፓቶሎጂውን ስላይድ (ናሙናው ያለበትን መስታወት) ጭምር ጠይቃችሁ ውሰዱ። ምስሉ ከሌለ እንደገና ተነሡ ሊባሉ ይችላሉ።

ለአባትሽ ነግራችኋቸዋል? አልጻፍሽውም፤ ከአጻጻፍሽ ግን ውይይቱ ያለ እርሳቸው የሚካሄድ መሰለኝ። ቤተሰብ ደብቆ ሲያስታምም በደግነት ነው። ሆኖም ማንቁርቱ የእርሳቸው ነው፣ ፊርማውም የእርሳቸው ነው። ድምፁን አገር የሚያውቀው ሰው ድምፁ ሊለወጥ እንደሚችል ከማደንዘዣ ሲነቃ መስማት የለበትም። «እብጠት አለ፤ ምንነቱን ለማወቅ ትንሽ ይቆነጠራል፤ ክፉም ሊሆን ይችላል፣ የሚድንም አለ» በሉ። ይበቃል።

ጎረቤታችሁ ጠበል ማለቷ የወሎ ወግ ነው፤ ዱዓውም ጠበሉም ከቀጠሮው ጋር አይጣላም፤ ቀኑን እስካላስገፋ ድረስ። የምከለክለው የሚጠጣ ሥርና ጉሮሮ ላይ የሚታጠን ጭስን ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ከሰማሽ፣ ጋደም ሲሉ አየር ካጠራቸው፣ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው ማዝረክረክ ከጀመሩ ወይም ደም ከተፉ በዚያው ሌሊት መኪና ፈልጉ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ። ከናሙናው በኋላም እንዲሁ ነው፤ ማንቁርቱ በመቆንጠጡ ሊያብጥ ይችላል። የሲቲ ስካኑ ከናሙናው መቅደሙም ትክክል ነበር፤ ቢዘገይ ኖሮ ይኸው እብጠት ምስሉን ያሳስት ነበር።

መውሊድ ያልሽው፣ ይህ ነገር ሳይለይለት ማውጣቱ ይቅርባቸው። ማንሾካሾክም ለአውታር ዕረፍት አይደለም፤ ከተናገሩ በቀስታ በተለመደው ድምፃቸው ይናገሩ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ሐድራው (መንዙማው የሚወጣበት ስብስብ) ላይ ጭሱ ከሚበዛበት ራቅ ብለው ይቀመጡ። ዘንድሮ ሌላ ሰው ያውጣ፤ እርሳቸው ድቤውን ይምቱ።